ኑዛዜ እና የእምነት ክህደት ቃል፦ ራስኮልኒኮቭንና መርሶን አንድ ላደረገ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» እና የአልቤር ካሙን «ባይተዋሩ» ጎን ለጎን አስቀምጦ የሁለቱን ልቦለዶች ዋና ገጸ ባሕርያት የሚያነጻጽር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ራስኮልኒኮቭና መርሶ በሁለት ዘመን የተፈጠሩ አንድ ሰው ናቸው ይላሉ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል፤ ሁለቱም ስሜት የደረቀባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ራስኮልኒኮቭ ድህነት ገፍቶት ገደለ፣ መርሶ ደግሞ ያለ ምክንያት ገደለ፤ መርሶ ፈጽሞ ስለማይዋሽ ከራስኮልኒኮቭ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ሁለቱም ፍርድ ቤት ቀርበው የተፈረደባቸው በሥራቸው ሳይሆን በነፍሳቸው ነው፤ ራስኮልኒኮቭ የሚናዘዝላት የማርሜላዶቭ ልጅ ሶንያ እና የመርሶ ወዳጅ ማሪ አንድ ዓይነት ሚና አላቸው፤ በመጨረሻም አንዱ በፍቅር ሲድን ሌላው በተስፋ መቁረጥ ለሞት ይሰጣል። ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈና ብዙ አንባቢ ያገኘ በመሆኑ፣ ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ከልቦለዶቹ ጋር እንደማይስማሙ ማሳየት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አስቀድሜ ግን ማነጻጸሩ ራሱ አላግባብ ነው እንደማልል ልግለጽ። ካሙ ዶስቶየቭስኪን በጥልቀት ያነበበ ደራሲ ነበር፤ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ከሩሲያዊው ደራሲ ልቦለዶች አንዱን ለመድረክ አዘጋጅቶ አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ1866 የታተመውን ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1942 ከታተመው ጋር አያይዞ ማንበብ እንግዲህ ከአንባቢ ምኞት ብቻ የመጣ አይደለም። ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው ያለፉት የሙቀት ጉዳይም ትክክል ነው። ራስኮልኒኮቭ ከጠባብ ክፍሉ የሚወጣው በሐምሌ ወር የፒተርስበርግ ወበቅ ውስጥ ነው፤ መርሶ ሽጉጡን የሚተኩሰውም ፀሐይ ግንባሩን እየነደለችው በአልጀርስ አቅራቢያ ባለ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። በእኔ ግምት የጽሑፉ ምርጥ አስተያየት ይኸው ነበር፤ ጸሐፊው እዚያው ቢቆዩበት ኖሮ ምናልባት ይህን ምላሽ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስንመጣ፣ «ስሜት የደረቀበት» የሚለው መግለጫ ለራስኮልኒኮቭ ጨርሶ አይሆንም። ገና ግድያውን ሳይፈጽም፣ አንዲት ከሲታ ፈረስ እስክትሞት ስትደበደብና እሱ በልጅነት ዕድሜው ደም የነካውን ፊቷን አቅፎ ሲስም በሕልሙ አይቶ በላብ ተጠምቆ ይነቃል። ሰካራሙ ማርሜላዶቭ በሠረገላ ተድጦ ሲሞት፣ እናቱ ተበድራ ከላከችለት ገንዘብ የተረፈውን ለሟቹ ሚስት ሰጥቶ ይወጣል። የዚህ ሰው ችግር ስሜት ማጣት ሳይሆን፣ ስሜቱ ካሰበው ሐሳብ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መኖር አለመቻሉ ነው። ስሙ የተገኘበት «ራስኮል» የሚለው የሩሲያ ቃልም መከፈልን፣ መገንጠልን ያመለክታል፤ ደራሲው ይህን ስም በዘፈቀደ የመረጠው አይመስለኝም።

መርሶንም ቢሆን ደረቅ ብሎ ማለፍ ንባብን ማሳጠር ነው። ጎረቤቱ ሽማግሌው ሳላማኖ ሌት ተቀን ሲሰድበውና ሲደበድበው የኖረው ውሻ ጠፍቶበት በግድግዳው ማዶ ሲያለቅስ መርሶ ይሰማዋል፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅም እናቱን ያስባል። በችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ሲናገር፣ ተሰብሳቢው ምን ያህል እንደጠላው በገባው ጊዜ፣ ለብዙ ዓመታት ያልመጣበት የማልቀስ ስሜት ይመጣበታል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሴሌስት ለምስክርነት ቀርቦ የሆነው ነገር ክፉ ዕጣ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲያጣ፣ መርሶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ወንድ ለመሳም እንደተመኘ ይነግረናል። እነዚህ ሁሉ ስሜቶች ናቸው። መርሶ የማያደርገው ነገር ቢኖር ስሜቶቹን ሰዎች በሚጠሩአቸው ስም መጥራት ነው።

ጸሐፊውን ለዚህ ድምዳሜ ያበቃቸው በከፊል የትርጉም ነገር ይመስለኛል። የልቦለዱን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ዛሬ እናቴ አረፈች» ብለው ጠቅሰውታል። «አረፈች» እና «ሞተች» በአማርኛ አንድ አለመሆናቸውን ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ «አረፈች» የሚል ሰው ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ያውቃል፣ ለሟች የሚገባውን አክብሮትም ከፍሏል። የመርሶ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ግን ይህን ክፍያ ባለመክፈሉ ነው። በሌላ በኩል በፈረንሳይኛው እናቱን የሚጠራበት ቃል «እናቴ» ከሚለው ይልቅ «እማዬ» ወደሚለው የሚቀርብ፣ ሕፃን ልጅ የሚጠቀምበት መጠሪያ ነው። እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ «ዛሬ እማዬ ሞተች» ቢባል ወደ ዋናው ይበልጥ ይቀርባል፤ የልጅ ቅርበትና ጌጥ የሌለው ግስ በአንድ ትንፋሽ ተጣምረዋል። ጸሐፊው የጠቀሱት መርሶ ሥርዓት ያለውና ቀዝቃዛ ነው፤ ካሙ የጻፈው መርሶ ግን ሥርዓት የሌለውና ለእናቱ ቅርብ የሆነ ነው። ከዚህ በኋላ በጽሑፉ የቀረበው ንጽጽር ሁሉ በዚህች በተዛባች ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሟል።

ራስኮልኒኮቭ በድህነት ምክንያት ገደለ የሚለውን ነጥብ ልቦለዱ ራሱ ይመልሰዋል። አራጣ አበዳሪዋን አልዮና ኢቫኖቭናን በመጥረቢያ ገድሎ የወሰደውን ቦርሳ አልከፈተውም፤ ጌጣጌጡንም አልቆጠረውም፤ ሁሉንም በአንድ ግቢ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ቀብሮ ሄደ። መርማሪዎች በኋላ ሲያወጡት በውስጡ 317 ሩብል ከ60 ኮፔክ ተገኝቷል፤ ገዳዩ ምን ያህል እንደሰረቀ አለማወቁ ለዳኞቹ ሊታመን የማይችል ሆኖባቸዋል። ለሶንያ ሲናገርም እናቱንና እህቱን ለመርዳት የሚለውን ምክንያት ራሱ አንሥቶ ራሱ ይጥለዋል፤ ናፖሊዮን መሆን እንደፈለገ፣ ለራሱ ብቻ እንደገደለ፣ የሚንቀጠቀጥ ፍጡር ይሁን ወይስ መብት ያለው ሰው መሆኑን ለማወቅ እንደፈለገ ይነግራታል። ድህነቱ እውነት ነው፤ የእናቱ ደብዳቤና እህቱ ዱንያ ለእሱ ስትል ልትገባበት ያለችው ጋብቻ አስጨንቀውታል። ነገር ግን ድህነት ሐሳቡን የሚያቀጣጥል ነገር እንጂ ሐሳቡ ራሱ አይደለም። ይህ ሰው ሕግ ያጠና፣ ስለ ወንጀልም ጽሑፍ ያሳተመ ነው፤ የተራበ ሌባ ቢሆን ኖሮ መርማሪው ፖርፊሪ ያን ያህል ባልተደሰተበት ነበር።

መርሶ ፈጽሞ አይዋሽም ስለሚለው ነጥብ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። ካሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1955 በጻፈው መቅድም መርሶን ለመዋሸት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው አድርጎ አቅርቦታል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ደራሲውን ሳይሆን ልቦለዱን አምናለሁ። ጎረቤቱ ሬይሞን ወዳጁ የነበረችውን ሴት አታልሎ አምጥቶ ሊቀጣት ሲፈልግ፣ ደብዳቤውን የሚጽፍለት መርሶ ነው። ሬይሞን ሴቲቱን ደብድቦ ፖሊስ ጣቢያ በተጠራ ጊዜም፣ ከሬይሞን አፍ ከሰማው በቀር የሚያውቀው ነገር ሳይኖር ሴቲቱ በድላዋለች ብሎ ይመሰክራል፤ ሬይሞን በማስጠንቀቂያ ብቻ ይለቀቃል። መርሶ ሊሠራው በማይችለው ነገር፣ ማለትም ስለ ራሱ ስሜት፣ አይዋሽም፤ የሌላ ሰው ሕይወት በሚጎዳበት ቦታ ግን ቃሉ ምን ያህል ቀላል እንደሆነች አይቆጥርም። የባሕር ዳርቻው ግድያም ከዚያች ደብዳቤ በቀጥታ የተቀጠለ ነው፤ ሟቹ የዚያች ሴት ወንድም ነበርና። «ያለ ምክንያት» የተባለው ግድያ ምክንያት ባይኖረው እንኳ መነሻ አለው፤ መነሻውም መርሶ በብዕሩ የጻፈው ውሸት ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ላይ በመሆኑ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ጸሐፊው በሁለቱም ልቦለዶች ሰዎቹ በነፍሳቸው ተፈረደባቸው ብለዋል። የራስኮልኒኮቭ ችሎት በመደምደሚያው ምዕራፍ ውስጥ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ተሰጥተውታል፤ በእነዚያ አንቀጾች ውስጥ ስለ ነፍሱ የቀረበው ማስረጃ ሁሉ የቀረበው ለጥቅሙ ነው። አንድ በሳንባ በሽታ የተያዘ የትምህርት ጓደኛውን ሲረዳ እንደነበር ተመስክሯል፤ ከእሳት ውስጥ ሁለት ሕፃናትን ማውጣቱን የቤት አከራዩ ተናግራለች፤ በገንዘቡ አለመጠቀሙና በፈቃዱ እጁን መስጠቱ ተቆጥሮለት ቅጣቱ በሳይቤሪያ ስምንት ዓመት የግዳጅ ሥራ ሆኗል። በመርሶ ላይ ግን በእናቱ አስከሬን አጠገብ የጠጣው ቡና በወተት፣ ያጨሰው ሲጋራ፣ በማግሥቱ ከማሪ ጋር መዋኘቱና አስቂኝ ፊልም ማየቱ በዐቃቤ ሕጉ እጅ ገመድ ሆነውበታል። አንድ ዓይነት ማስረጃ የአንዱን ቅጣት አቅልሎ ሌላውን ወደ ሞት ሰደደ። ይህን ተመሳሳይነት ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ካሙ የዶስቶየቭስኪን ችሎት ገልብጦ የጻፈው ያስመስለዋል።

በአማርኛ የሁለቱን ሰዎች ልዩነት በትክክል የሚለዩ ሁለት ስያሜዎች አሉን፤ ኑዛዜ እና የእምነት ክህደት ቃል። የእምነት ክህደት ቃል ክስ ተነቦለት ለተከሰሰ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ መልስ ነው፤ አድርገሃል ወይስ አላደረግህም? መልሱ ለመዝገብ ነው። ኑዛዜ ግን ሰው ሳይጠየቅ፣ የሚሰማው ጆሮ ፈልጎ የሚያወጣው ነገር ነው። ራስኮልኒኮቭ ለኑዛዜ የተፈጠረ ሰው ነው፤ መርሶ የእምነት ክህደት ቃሉን ለማንም የሚሰጥ፣ ኑዛዜ ግን የሌለው ሰው ነው።

ራስኮልኒኮቭን የያዘው ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ አልነበረም፤ ኒኮላይ የተባለው ቀለም ቀቢ እንዲያውም እኔ ገደልሁ ብሎ በሐሰት አምኖ ነበር። ራስኮልኒኮቭ የተያዘው ዝም ማለት ስላልቻለ ነው። ለሶንያ ሲነግራት እንኳ «ገደልሁ» የሚለውን ቃል በአፉ ማውጣት ያቅተዋል፤ ገምቺ፣ ደኅና አድርገሽ እይኝ ይላታል። በዚህ ቅጽበት የሆነውን አንድ ነገር ጸሐፊው ሳያዩት አልፈዋል፤ በሩሲያኛው ሶንያ እስከዚህ ድረስ የምታናግረው በ«እርስዎ» ነው፤ «በራስዎ ላይ ምን አደረጉ» ብላ ጮኻ አንገቱ ላይ ከተጠመጠመች በኋላ ግን «ካንተ የከፋ ዕድል የደረሰበት በዓለም ላይ የለም» ወደሚል «አንተ» ትሻገራለች። ይህን ልዩነት የሌለው ቋንቋ ተናጋሪ ላያየው ይችላል፤ እኛ ግን ለማጣት ሰበብ የለንም። ኑዛዜው ተሰምቶ ተቀባይ ማግኘቱን የሚነግረን ስብከት ሳይሆን ይህች የመደብ ለውጥ ናት።

ከዚያ በኋላ ሶንያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ያረከሳትን ምድር እንዲስም፣ በአራቱም ማዕዘን ሰግዶ «ገደልሁ» ብሎ ለሁሉም እንዲናገር ታዝዘዋለች። በገበያው አደባባይ ተንበርክኮ መሬቱን በሳመ ጊዜ በዙሪያው ያለው ሰው ሰክሯል ብሎ ይስቅበታል፤ በከንፈሩ ላይ የነበሩት ቃላትም እዚያው ይቀራሉ። ይህን ሳቅ መርሶ በችሎት ከሚደርስበት ሳቅ ጋር ያነጻጸረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዳኛው ለምን እንደገደለ ሲጠይቀው መርሶ ከፀሐይዋ የተነሣ ነው ይላል፤ አዳራሹ ይስቃል። ሁለቱም በሕዝብ ፊት ለራሳቸው እውነት የሆነውን ነገር ሊያደርጉ ወይም ሊናገሩ ሲሞክሩ ይሳቅባቸዋል። ነገር ግን ራስኮልኒኮቭ ሳቁን አልፎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ ገብቶ ሳይናገር ይወጣል፤ ሶንያ ደጅ ላይ ቆማ ስታየው ተመልሶ ገብቶ ይናገራል። መርሶ ግን ከሳቁ በኋላ የሚጨምረው ነገር የለውም፤ ያለው ሁሉ ያችው ነበረች።

መርሶን የሚጠይቁት ሰዎች ስህተት የእምነት ክህደት ቃል ተቀብለው ኑዛዜ መፈለጋቸው ነው። መርማሪው ዳኛ መስቀል አውጥቶ ፊቱ ላይ ያወዛውዝበታል፤ ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ለምን ቆመህ መሬት ላይ በወደቀ ሰው ላይ አራት ጊዜ ጨመርህ እያለ ይጠይቀዋል፤ መርሶ መልስ የለውም። ተጸጽተሃል ወይ ሲባል ደግሞ ከእውነተኛ ጸጸት ይልቅ አንድ ዓይነት መሰላቸት እንደሚሰማው ይናገራል። ይህን መልስ ያየ ሰው ራስኮልኒኮቭን ተጸጻች፣ መርሶን ደንታ ቢስ ብሎ ሊከፍል ይቸኩላል፤ ጸሐፊውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ራስኮልኒኮቭ በእስር ቤት ሆኖ ራሱን በጥብቅ መርምሮ ስህተት እንጂ ኃጢአት አላገኘም፤ ጥፋቱ ያደረገውን መሸከም አለመቻሉና እጁን መስጠቱ ብቻ መሆኑን ያስባል። ኑዛዜው ከጸጸቱ በብዙ ወራት ይቀድማል። ሰው ሳይጸጸት ሊናዘዝ እንደሚችል፣ የመሰማት ጥማት ከንስሐ የተለየ ነገር እንደሆነ፣ ከዚህ ልቦለድ በተሻለ ያሳየኝ ሥራ አላነበብሁም።

በትረካው ቅርጽም አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ዶስቶየቭስኪ ልቦለዱን መጀመሪያ በአንደኛ መደብ፣ የወንጀለኛው የራሱ ኑዛዜ አድርጎ ነበር የጀመረው፤ ኋላ ትቶት ወደ ሦስተኛ መደብ ዞረ። ካሙ ግን በ«እኔ» ጻፈ። ኑዛዜ የሞላው ሰው ታሪኩን ሌላ ሰው ይተርክለታል፤ ኑዛዜ የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ራሱ ይናገራል። ራሱ ይናገር እንጂ የሚያነጋግረው ሰው ያለው አይመስልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የእስር ቤቱ ቄስ ስለ እርሱ እንደሚጸልይ በነገረው ጊዜ፣ የቄሱን ልብስ አንቆ ይዞ በልቡ ያለውን ሁሉ ያፈስበታል። መርሶ ወደ ኑዛዜ የሚደርሰው ከሁሉ ይበልጥ በዚህ ቦታ ነው፤ ኑዛዜውም በተናዛዡ ፈንታ አናዛዡን የሚያስለቅስ ሆነ። ጸሐፊው «ተስፋ መቁረጥ» ያሉት መጨረሻ ከዚህ ጩኸት በኋላ የሚመጣው ነው፤ በዚያ ግን መርሶ ደስተኛ እንደነበረና አሁንም ደስተኛ እንደሆነ ነው የሚነግረን። ተስፋን ጥሏል፤ ተስፋ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሶንያና ማሪን ስለ ማነጻጸሩ ብዙ የምለው የለኝም። ማሪ ትወደኛለህ ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ሶንያ ስለ ራሷ ምንም አትጠይቅም። ማሪ መርሶን እስር ቤት መጥታ ከጠየቀችው በኋላ ሚስቱ ስላልሆነች ተከልክላ ትቀራለች፤ ሶንያ እስከ ሳይቤሪያ ትከተላለች። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሴቶች መሆናቸው ብቻ ከሆነ ንጽጽር አይባልም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣቸው ሰዎች ግን አሉ፤ እነሱም የተገደሉት ናቸው። በ«ባይተዋሩ» ውስጥ ሟቹ ስም የለውም፤ «ዓረቡ» ብቻ ነው፤ እህቱም ስም የላትም፤ በችሎቱም ስለ እሱ ከሚነገረው ስለ መርሶ እናት የሚነገረው ይበልጣል። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ልቦለድ ለዚህ ሰው ሙሳ የሚል ስም እስኪሰጠው ድረስ ዝምታው ሰባ ዓመት ያህል ቆይቷል። ራስኮልኒኮቭም በዚህ ረገድ ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በድንገት ደርሳ የተገደለችውን የአራጣ አበዳሪዋን እህት ሊዛቬታን ፈጽሞ እንዳልገደላት ሁሉ ለምን እንደማያስባት ራሱ ይገርመዋል። ዶስቶየቭስኪ ግን አይረሳትም። ራስኮልኒኮቭ ለሶንያ ምስጢሩን በነገራት ቅጽበት በሶንያ ፊት ላይ የሚያየው የሊዛቬታን ፊት፣ መጥረቢያው ሲነሣ የነበራትን ፊት ነው። ሶንያ ስለ አልዓዛር ትንሣኤ ያነበበችለትን ወንጌልም ለሶንያ ያመጣችላት ሊዛቬታ ነበረች።

ያ ወንጌል በልቦለዱ መጨረሻ በሳይቤሪያ ከራስኮልኒኮቭ ትራስ ሥር ይገኛል። በእጁ ይይዘዋል፤ ገና አልከፈተውም። መርሶም በእስር ክፍሉ ከፍራሹ ሥር የተጣበቀች አሮጌ የጋዜጣ ቁራጭ ያገኛል፤ ሀብታም ሆኖ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ሰው ማንነቱን ደብቆ ሲያርፍ እናቱና እህቱ ሳያውቁት ስለ ገንዘቡ እንደገደሉት የምትተርክ ናት። መርሶ ይህችን ቁራጭ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ያነባታል፤ ስለ ተገደለው መንገደኛም ለደረሰበት ነገር በመጠኑ ራሱ ጥፋተኛ እንደሆነ ያስባል።